ከእነማን ጋር ነው የምትውይው ላልሽኝ

እማዬ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? እኔ ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማሙሽ፣ አንተ ደግሞ ይሄን ስታነብላት እንደ ባለፈው እንዳትዘል። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፌ «ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባታል» ብለህ እንዳለፍከው ነግራኛለች። ቃል በቃል አንብብላት። ስላንተ መጥፎ ነገር አልጻፍኩም።

እማዬ፣ ባለፈው እሑድ ስልክ ላይ «ለመሆኑ ከእነማን ጋር ነው የምትውይው?» አልሽኝ። «ከሰው ጋር» አልኩሽ። ሳቅሽና ወሬው ወደ ሽንኩርት ዋጋ ዞረ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጥያቄሽ ሲከነክነኝ አደረ። አንቺ የጎረቤትሽን የልጅ ልጅ የክርስትና ስም ሳይቀር የምታውቂ ሰው ነሽ፤ የገዛ ልጅሽ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ከማን ጋር ቁርስ እንደምትበላ አታውቂም። ስለዚህ ዛሬ እነግርሻለሁ። ይረዝማል፤ ቡናሽን አፍልተሽ ቁጭ በይ።

ሥራው ያው ነው። ሽቱትጋርት ዳር ላይ ያለ፣ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ትልቅ ቤት። ሌሊት ፈረቃ። አንሶላው በጆንያ ታጭቆ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ እንደ ምጣድ በጋለ ማሽን ተተኩሶ ይወጣል፣ እኛ ግራና ቀኝ ቆመን እናጥፋለን። አንቺ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ስትሠሪ ማታ ቤት ገብተሽ ጮክ ብለሽ የምታወሪው ለምን እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። እኔም ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ ውስጥ ስጮህ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል።

ከጎኔ የሚያጥፈው የካቡል ሰው ነው፣ ወደ ስልሳ የሚጠጋው፣ ሁልጊዜ ሻይ በፔርሙዝ የሚይዝ። ፊት ለፊቴ የምትቆመው የሶሪያ ሴት ናት፣ ከሐለብ፣ ሰዉ አሌፖ የሚላት ከተማ። ጆንያውን የምትፈታው ቬትናማዊት ናት፤ ገና ወጣት ሳለች ምሥራቅ ጀርመን ለፋብሪካ ሥራ በውል መጥታ በዚያው የቀረች። አለቃችን ጀርመናዊ ነው፤ ግን እሱም ከምሥራቅ ከዛክሰን ነው የመጣው፣ የዚህ አገር ሰዎች አነጋገሩን ሲሰሙ ይስቁበታል። ስለዚህ እሱንም መጤ ነው ብለን ከእኛ ጋር ደምረነዋል። የምንግባባው በጀርመንኛ ነው። ጀርመኖች ቢሰሙት ምን ቋንቋ ነው የሚሉት ዓይነት ጀርመንኛ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጥቅምት ላይ አንድ ሌሊት ማሽኑ ተበላሸ። የሚጠግነው ሰው እስኪመጣ ፓውዘ ተባልን፤ እረፍት ማለት ነው፣ እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ሊነጋጋ ሲል ነበርና ደጅ ወጣን። ብርዱ ልክ እንደ ደብረ ብርሃን ኅዳር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። የካቡሉ ሰውዬ ድንገት ሻዩን አስቀምጦ ወደ ላይ ጠቆመ። አንድ ደማቅ ኮከብ ዝም ብሎ ይሄዳል። ፈጠን ይላል፣ ግን ድምፅ የለውም።

«አውሮፕላን ነው» አልኩት።

«አውሮፕላን ብልጭ ድርግም ይላል። ያ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው» አለኝ።

ለካስ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነው። ከመሬት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በ90 ደቂቃ ምድርን አንዴ ይዞራል። ፀሐይ ሳትወጣ በፊት ብርሃኗ ቀድሞ እሱ ላይ ስለሚያርፍ ነው እንደ ኮከብ የሚያበራው። እኔ ወዲያው ሒሳብ ገባሁ። 400 ኪሎ ሜትር ማለት ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለው መንገድ ሦስት ጊዜ ነው። ካንቺ ግን ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የራቅሁት። ሰማይ ላይ ያለ የማላውቀው ሰው ከእናቴ ይልቅ ይቀርበኛል ማለት ነው። ነገሩ ደስ አላለኝም።

«የኛም ሰው ወጥቷል እኮ» አለ የካቡሉ። በዚህ ተጀመረ። እስኪነጋ ድረስ ሁሉም የየአገሩን ሰው ሰማይ እያወጣ እያወረደ አመሸን፣ አይ አመሸን ሳይሆን አነጋን።

የእሱ ሰው አብዱል አሐድ ሞማንድ ይባላል። በእኛ ነሐሴ 23 ቀን 1980 ከሶቪየቶች ጋር ሚር ወደምትባለው ጣቢያ ወጣ። ቁርኣን ይዞ ነበር። እዚያ ላይ የአፍጋን ሻይ አፍልቶ ለሩሲያዎቹ አጠጣቸው። የካቡሉ ሰውዬ ይሄን ሲነግረን ፔርሙዙን ከፍ አድርጎ ነው፣ ሻዩ የተፈላው በእሱ ይመስል። ደግሞ ከዚያ ላይ ሆኖ እናቱን በራዲዮ እንዲያነጋግር ተደረገ። እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ይላል። እማዬ፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ እኔና አንቺ ስንደዋወል አልመሰለሽም?

ሲመለስ ነው ጉዱ። መንኮራኩሩ ውስጥ እሱና አንድ የሶቪየት አዛዥ ብቻ ናቸው። ወደ ምድር የሚያወርዳቸው ሞተር በሰዓቱ አልሠራ አለ። መጸዳጃው ያለበትን ክፍል አላስፈላጊ ነው ብለው ቀድመው ጥለውታል። አንድ ቀን ሙሉ እንደ ቁም ሣጥን በጠበበች ክፍል ውስጥ ተቀርቅረው ምድርን ሲዞሩ ዋሉ። ሞማንድ የመሣሪያውን ሰሌዳ እያየ ነበርና ሊመጣ የነበረ የባሰ አደጋ ቀድሞ እንዳየ ይነገርለታል። በማግስቱ በሰላም ወረዱ።

«ከዚያስ ምን ሆነ?» አልኩት።

«ከዚያማ እንደኔ ሆነ» አለ። አገሩ በጦርነት ፈረሰ። በ1992 በፈረንጆቹ ጀርመን ገብቶ ጥገኝነት ጠየቀ። የት መኖር የጀመረ ይመስልሻል? እዚሁ፣ ሽቱትጋርት አካባቢ። አንቺ፣ እኔ ይሄን ስሰማ አፌን ይዤ ነው የቀረሁት። ከምድር ውጭ ደርሶ የመጣ ሰው፣ ከነሜዳሊያው፣ የውጭ ዜጎች ቢሮ ወንበር ላይ ቁጥሩ እስኪጠራ ቁጭ ብሎ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ጸሐፊዋም «እስካሁን የት የት ሄደሃል?» ብላ ትጠይቀዋለች። እኔንም ጠይቃኛለች፤ እኔ ሱዳንና ሊቢያ ነበር ያልኩት። እሱ ምን ብሎ ይሆን?

የሐለቧ ሴት ቀስ ብላ ነው የምታወራው። «የኔም ስደተኛ ነው» አለች። መሐመድ ፋሪስ፣ የከተማዋ ልጅ። በ1987 በፈረንጆቹ ሐምሌ ወጣ፣ ከሞማንድ አንድ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። የደማስቆን አፈር በትንሽ ጠርሙስ ይዞ ነው የሄደው። ሲመለስ የአገሩ ጀግና ሆነ። ትምህርት ቤት ስለ እሱ እየተማረች ነው ያደገችው። ከዚያ ሶሪያ ስትታመስ ከሕዝቡ ጎን ቆመና በ2012 በፈረንጆቹ ቤተሰቡን ይዞ ድንበር ተሻግሮ ቱርክ ገባ። 12 ዓመት ገደማ በስደት ቆየ። በ2024 ሚያዝያ እዚያው ቱርክ ሞተ። ይሸሸው የነበረው መንግሥት ደግሞ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ወደቀ። ስምንት ወር እንኳ አልሞላም። እሷ ይሄን ስትናገር ማናችንም ሳንናገር ቆየን። እኔ ወሬ ለመቀየር «አፈሩ ግን የት ደረሰ?» አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። በኋላ ስታጥፍ ግን እያየኋት ነበር፤ አንዱን አንሶላ ሦስት ጊዜ አጥፋ ፈታችው።

የቬትናሟ ደግሞ ሌላ ናት። እሷ ስታወራ እንኳን ሰው ማሽኑም ይስቃል። ፋም ቱዋን ይባላል የእነሱ፣ በ1980 በፈረንጆቹ ሐምሌ ነው የወጣው፣ የገበሬ አገር ልጅ። ከያዛቸው ነገሮች አንዱ በሩዝ ማሳ ውኃ ላይ የምትንሳፈፍ ትንሽ ቅጠል ናት፤ ለማሳው እንደ ማዳበሪያ ናት፣ ሰማይ ላይ ትበቅል እንደሆነ ሊያዩ። ያን ጊዜ እነሱ ሩዝ የሚገዙት በኩፖን ተሰልፈው ነው። እሷ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፣ ሰልፍ የምትይዘው እሷ ናት። ሰፈሩ በሙሉ ሲጨፍር እናቷ «ሲመለስ ሩዝ ይዞ ይመጣል ወይ?» አሉ።

እማዬ፣ ይሄን ስሰማ አንቺን ነው ያየሁት። ትዝ ይልሻል ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ያመጠቀች ቀን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012፣ ከቻይና የተወነጨፈችው? 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው። እንጦጦ ላይ ሰዎች ተሰብስበው ሲያጨበጭቡ በቴሌቪዥን አይተሽ «ሰማይ ላይ ሆና የጤፍ ዋጋ ታይልናለች?» አልሽ። የቬትናሟ እናትና አንቺ ሳትተዋወቁ አንድ ነገር ነው የተናገራችሁት። ማሙሽ ያን ዕለት ተናዶብሽ «ስለ እርሻና ስለ ደን መረጃ ነው የምታመጣው» እያለ ሲያስረዳሽ ነበር። ልክ ነበር። አንቺም ልክ ነበርሽ፣ ጤፉ አልቀነሰማ።

አለቃችን መጀመሪያ ሲጋራውን እያጨሰ ዝም ብሎ ነበር። ኋላ አልቻለም። የእሱ ሰው ዚግሙንድ ዬን ነው፣ በ1978 በፈረንጆቹ ነሐሴ ሰማይ የወጣ የመጀመሪያው ጀርመናዊ። ምሥራቅ ጀርመን ናት ቀድማ የላከችው፣ ሀብታሟ ምዕራብ አይደለችም። አለቃችን ይሄን ሲናገር ደረቱ እንዴት እንደሚነፋ ብታዪ! ደግሞ ሰውዬው በልጆች ቴሌቪዥን ማታ ማታ የሚመጣውን የእንቅልፍ አሻንጉሊት ይዞ ሄዶ፣ ሩሲያዎቹ ደግሞ ማሻ የምትባል አሻንጉሊት ነበረቻቸው፣ እዚያ ላይ ሁለቱን አጋቧቸው። ትልልቅ ወንዶች፣ ወታደሮች፣ ጠፈር ላይ የአሻንጉሊት ሰርግ ሲደግሱ!

ምዕራቦቹ በ1983 የላኩት ኡልፍ ሜርቦልድ የሚባለውን ነው። በአሜሪካኖቹ መንኮራኩር። አሁን የሚገርመውን ስሚ፤ ሜርቦልድም የምሥራቅ ልጅ ነው። ከዬን ጋር የአንድ አካባቢ ሰዎች ናቸው፣ ቮግትላንድ ይባላል። በ19 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ አንተን አንቀበልም ሲሉት በ1960 ወደ ምዕራብ ወጣ። በዓመቱ የበርሊን ግንብ ተሠራ፣ መመለሻው ተዘጋ። የተማረው የት ነው? ሽቱትጋርት። ይሄ ከተማ የተሰደደ ጠፈርተኛ መሰብሰቢያ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱ የአንድ አገር ቤት ልጆች፣ አንዱ በሩሲያ ሮኬት አንዱ በአሜሪካ፣ ለሁለት ጠላት መንግሥታት ወጡ። ኋላ ተገናኙና ወዳጅ ሆኑ። ግንቡ ሲፈርስ ዬን የነበረበት ሠራዊት ፈረሰና ሥራ አጣ፤ ያን ጊዜ ሥራ እንዲያገኝ የረዳው ሜርቦልድ ነው። አለቃችን እዚህ ላይ ሲጋራውን በእግሩ አጠፋና «እኔንም የቀጠረኝ የምዕራብ ሰው ነው፣ ግን ወዳጄ አይደለም» ብሎ ገባ። እውነቱን ነው፣ እኛም እናውቃለን።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ያንቺስ?»

ምን ልበል? ኢትዮጵያ ሰማይ የላከችው ሰው የለም። መጀመሪያ የኩባውን ሰው የኛ ላደርገው ፈለግሁ። አርናልዶ ታማዮ ሜንዴዝ፣ በእኛ መስከረም 1973 የወጣው፣ ሰማይ የደረሰ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው። አባዬ ኦጋዴን አብረውት ስለዋሉት ኩባዎች ሲያወራ ዓይኑ ይበራ ስለነበር እንደ ዘመድ ነው የማያቸው። ይሄ ታማዮ ወላጆቹን በሕፃንነቱ ያጣ ልጅ ነው፣ በ13 ዓመቱ ጓንታናሞ ከተማ ውስጥ ጫማ ይጠርግ ነበር። ሊስትሮ ነበር እማዬ! ግን የቬትናሟ «የሰው አይቆጠርም» ብላ ሰረዘችብኝ።

እኔ ደግሞ መች እሸነፋለሁ። «የኛ ከናንተ ሁሉ ርቃለች» አልኳቸው። በ2021 በፈረንጆቹ አሜሪካኖቹ ወደ ጁፒተር አቅጣጫ ያሉትን የሰማይ ድንጋዮች እንድታይ የላኳት መንኮራኩር ስሟ ሉሲ ነው፣ በእኛዋ ሉሲ የተሰየመች። በ2023 ኅዳር መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ፣ መንገዷ ላይ በአንድ ትንሽ የሰማይ አለት አጠገብ አለፈች። አለቱ ስሙ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ድንቅነሽ። ስፋቷ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሲጠጉ ደግሞ የምትዞራት ትንሽ ጨረቃ እንዳለቻት አዩ፤ ጨረቃዋን ሰላም አሏት፣ አፋር ዲኪካ ላይ አጥንቷ በተገኘው ሕፃን ስም። ጀርመኖች፣ አሜሪካኖች፣ ጃፓኖች የሰማይ ካርታ ላይ «ድንቅነሽ» እና «ሰላም» ብለው እየጻፉ ነው። ፊደሉን ባይችሉትም።

«እሱማ ድንጋይ ነው፣ ሰው አይደለም» አለ የካቡሉ።

«ድንቅነሽ ሰው ነበረች። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ቆይታ ነው እንጂ» አልኩት። ሳቁ። ገና አልጨረስኩም ነበር። የተወለድኩበት ከተማ ራሱ ስሙን ያገኘው ከሰማይ ነው አልኳቸው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ነው ቦታውን ደብረ ብርሃን ያሉት። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች በ1456 በፈረንጆቹ የታየው ሃሌ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። አንቺ ይሄን እንደማትወጂው አውቃለሁ፣ ላንቺ ከእግዚአብሔር የወረደ ብርሃን ነው፤ እኔም እዚያ ላይ አልከራከርሽም። ብቻ እናንተ ሰው ወደ ላይ ስትልኩ እኛ ጋ ሰማዩ ራሱ ወርዷል አልኳቸው። የሐለቧ ሴት እጇን ዘርግታ መዳፌን መታችው። ያን ሌሊት አሸነፍኩ ብዬ አስባለሁ።

ሪያድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ስነግራት «የሳዑዲውን ልዑል ረሳችሁት» አለችኝ። ሱልጣን ቢን ሰልማን፣ በ1985 በፈረንጆቹ ሰኔ ዲስከቨሪ በተባለው የአሜሪካኖቹ መንኮራኩር የወጣው። እሱ የተናገረው ነገር አለ። መጀመሪያ ቀን ሁላችንም የየአገራችንን እንጠቁም ነበር፣ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን አህጉራችንን፣ በአምስተኛው ቀን የሚታየን አንዲት ምድር ብቻ ሆነች ብሏል። ሰው ይሄን በየቦታው እየለጠፈ ያጨበጭብለታል። ጥሩ ንግግር ነው። እኔ ላይ ግን የደረሰው እንዲህ አይደለም። ሰፈራችን ጠባሴ እያለሁ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነበር የምጠየቀው። አዲስ አበባ ስገባ የደብረ ብርሃን ልጅ ሆንኩ። ካርቱም ላይ ሐበሻ። እዚህ ስመጣ ኢትዮጵያዊት፣ ለፎቁ ጎረቤቴ ደግሞ አፍሪካዊት፣ እሷ ከዚያ በላይ ማጥበብ አያስፈልጋትም። ልዑሉን ያሰፋው መስኮቱ ነው። እኔን ያሰፉኝ ጠያቂዎቼ ናቸው፣ እኔ ሳልፈልግ። እዚህ አንሶላ ቤት ግን ነገሩ ወደ ኋላ ተመለሰ። የሐለቧ ሴት አሁን አየሩን ስልኳ ላይ አይታ «ጠባሴ ዝናብ ጥሏል» ትለኛለች። ጠባሴን የሚያውቅ ስልክ መሆኑ ነው ያስገረመኝ!

አሁን ወደጻፍኩበት ምክንያት ልምጣ። እስካሁን ያለው ወሬ ነው።

ማሽኑ ተጠግኖ ልንገባ ስንል አለቃችን በሩ ላይ ቆሞ «ከሁሉም የሚበልጠውን አልነገርኳችሁም» አለ። እሱ ሩሲያኛ ትምህርት ቤት ተምሯል። ሰውዬው ሰርጌይ ክሪካልዮቭ ይባላል። ከሶቪየት ኅብረት ወጣ፣ ሲመለስ ሶቪየት ኅብረት የለችም። የተወለደባት ከተማ ሌኒንግራድ ስትባል ትቷት ሄዶ ሲመጣ ሴንት ፒተርስበርግ ሆናለች። ሮኬቱ የተነሳበት መሬትም ያረፈበት መሬትም ካዛኪስታን ነው፣ ሲሄድ ያው የአገሩ ክፍል ነበር፣ ሲያርፍ ሌላ አገር ሆኖ ጠበቀው። መመለስ የነበረበት በጥቅምት አካባቢ ነበር። ግን የሚተካው ሰው ወንበር ካዛኪስታንን ላለማስቀየም ለካዛክ ተሰጠ፣ ያ ሰው ደግሞ ለረጅም ቆይታ አልሠለጠነም። አንተ ቆይ ተባለ። ቆየ። 311 ቀን። ሕፃን ልጅ ትቶ ነበር የሄደው።

እማዬ፣ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ስልኬ ላይ የወጣበትን ቀን ፈለግሁት። በፈረንጆቹ ሜይ 18፣ 1991። በእኛ ስቆጥረው ግንቦት 10 ቀን 1983 መጣ።

ሁለቴ ቆጠርኩት። ግንቦት 10። መንግሥቱ አገር ጥሎ የወጣው ግንቦት 13። አሥመራ የተያዘችው ግንቦት 16። አዲስ አበባ ግንቦት 20። ያ ሰው መስኮቱ ላይ ሆኖ በ90 ደቂቃ አንዴ ምድርን ሲዞር አባዬ ከታች ነበር። አባዬ አሥመራ ነበር። አንቺ ጠባሴ እኔን አርግዘሽ፣ ሰኔ ነው የወለድሽኝ። አንድ ግንቦት ላይ ሁለት ሰዎች የላካቸው መንግሥት እያለ ሄደው፣ የላካቸው ጠፍቶ እዚያው ቀሩ። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች።

ስለ ክሪካልዮቭ ሁሉም ነገር ተጽፏል። በመጋቢት 16 ቀን 1984 እንደወረደ፣ ፊቱ እንደ ሊጥ ነጥቶ አራት ሰዎች ደግፈው እንዳወጡት፣ ልብሱ ላይ የሌለ አገር ስም እንደተጻፈ፣ ሁሉንም በፎቶ አይቼዋለሁ። ደግሞ ያ ሁሉ አልፎበት ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ሄደ፣ ያውም በአሜሪካኖቹ መንኮራኩር። አንዳንድ ሰው እግሩ አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ እኔንም እንደዚያ እንደምታስቢኝ አውቃለሁ። ወረቀቴ እስኪያልቅ ነው እማዬ፣ ሌላ ነገር የለውም።

ስለ አባዬ ግን የተጻፈ ነገር የለም። ነፍሱን ይማረውና እሱም አልተናገረም። ከረንን፣ ተሰነይን፣ ከሰላን በእግሩ እንዳለፈ አውቃለሁ፤ ያንንም ያወቅሁት እሱ ነግሮኝ ሳይሆን ቴሌቪዥን ላይ የቦታዎቹ ስም ሲጠራ ተነስቶ ይወጣ ስለነበር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኔ ወደ ሱዳን ልሄድ ሳምንት ሲቀረኝ፣ «ውኃ ያዢ፣ ከምግብ ይልቅ ውኃ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ያን ጊዜ መንገዱን የሚያውቅ ሰው እየመከረኝ እንደሆነ አልገባኝም። የሽማግሌ ምክር መስሎኝ ነበር። ሲሞት ደግሞ መምጣት አልቻልኩም፣ አንሶላ እያጠፍኩ ነው የደወልሽልኝ።

ስለዚህ እማዬ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከሱዳን ተመልሶ የመጣ ዕለት በሩን ማን ከፈተለት? አንቺ ነሽ? ወይስ አያቴ? ቀን ነበር ወይስ ማታ? ምን ለብሶ ነበር? ወታደር ልብሱን የት ነው የጣለው? እኔ የስንት ወር ልጅ ነበርኩ፣ አለቀስኩበት ወይስ ዝም ብዬ አየሁት? መጀመሪያ ምን አልሽው፣ እሱስ ምን አለ? የካቡሉ ሰውዬም ጠይቆኛል። «የኛን ሁሉ ሰምተሻል፣ ያባትሽን ንገሪን» አለኝ። የምነግረው አጣሁ። እሱ ሻዩን ቀዳልኝና ሥራችንን ቀጠልን።

በርበሬውን የገና ሰሞን ለሚመጣው ሰው ስጪልኝ፣ ሁለት ኪሎ ይበቃል፤ የቬትናሟ ደግሞ ድርሻ ጠይቃለች። ብር ሰኞ ልኬያለሁ፣ ከእሱ ላይ ለጉልበትሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ለሌላ ነገር እንዳታውይው።

ማሙሽ፣ አንተ ከጎኗ ቁጭ ብለህ የምትነግርህን ጻፍልኝ። ብታለቅስም ቆይ፣ ስትጨርስ ጻፈው። መልሷን ደግሞ እንዳታሳጥረው።